የፋብሪካ ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና የግፊት ጌጅ ካሊብሬሽን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጥራት ክፍል ሠራተኞች፣ የጥገና ቴክኒሺያኖችና የሽፍት ኃላፊዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቀርበዋል።

ካሊብሬሽን ማለት መለኪያውን ማስተካከል ነው?

አይደለም። ካሊብሬሽን መለኪያው የሚያሳየውን ቁጥር ልኩ ከታወቀ ነገር ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን መመዝገብ ነው። ልኩ የታወቀ የ20 ኪሎ ድንጋይ ሲጫንበት 20.03 የሚል ሚዛን 30 ግራም ያበዛል፤ ይህን አውቆ መጻፍ ካሊብሬሽን ይባላል። ብሎን ማዞር ወይም ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን መቀየር ግን አድጀስትመንት የሚባለው ሌላ ሥራ ነው።

ሁለቱን መቀላቀል ጣጣ አለው። ቴክኒሺያኑ መጀመሪያ አስተካክሎ ከዚያ ብቻ ከለካ፣ ሰርተፊኬቱ ላይ ያማረ ቁጥር ይወጣል፤ ሚዛኑ ዓመቱን ሙሉ ስንት ሲያዛባ እንደከረመ ግን የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ከመስተካከሉ በፊት የነበረው ንባብም ከተስተካከለ በኋላ ያለውም እንዲመዘገብ ሥራውን ሲያዙ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሚዛናችን የንግድ ቢሮ ማረጋገጫ አለው። ካሊብሬሽን ለምን ያስፈልገዋል?

ማረጋገጫው ገዢና ሻጭ እንዳይጎዳዱ ሕግ የሚያዘው ምርመራ ነው፤ መልሱም «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ነው። ካሊብሬሽን ደግሞ ቁጥር ይሰጣል፦ በ20 ኪሎ ላይ ይህን ያህል፣ በ100 ኪሎ ላይ ይህን ያህል ይስታል ብሎ። ለማምረቻ ሂደት የሚያስፈልገው ቁጥሩ ነው። በተጨማሪም የምድጃ ቴርሞሜትር፣ የቦይለር ጌጅና የላቦራቶሪ ሚዛን የመሳሰሉት አብዛኛውን ጊዜ በንግድ ማረጋገጫ ውስጥ አይገቡም። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀውም እነዚህን ነው፤ የጥራት አመራር ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 9001 የ2015 ዕትም በአንቀጽ 7.1.5 የሚያነሳው ይህንኑ ነው።

ጥቂት ግራም ብትዛባ ምን ይጎዳል?

በቀን 4,000 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ዱቄት የሚያሽግ ፋብሪካ እንውሰድ። ሚዛኑ 100 ግራም አሳንሶ ቢያነብ፣ ኦፕሬተሩ ማሳያው 50.00 እስኪል ሲሞላ እያንዳንዱ ከረጢት 50.1 ኪሎ ይሆናል። በቀን 400 ኪሎ ማለትም 8 ከረጢት ዱቄት በነፃ ይወጣል። በ300 የሥራ ቀን 2,400 ከረጢት ነው። ካሊብሬሽን ውድ ነው የሚል ሰው ይህን በዱቄቱ ዋጋ አባዝቶ ይመልከተው።

ስህተቱ በተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ደንበኛው ይጎድልበታል፤ ክሱና የስም መጥፋቱ ከዱቄቱ ይበልጣል። የሙቀት መለኪያ ሲሆን ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። በ117 ዲግሪ የተቀቀለ የቆርቆሮ ምግብ በ121 ዲግሪ እንደተቀቀለ ተጽፎ ገበያ ይወጣል።

በየስንት ጊዜ መደረግ አለበት?

ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። ዓመት የተለመደ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ቀን ከሌሊት የሚሠራ፣ አቧራና ንዝረት ያለበት ቦታ የቆመ የማሸጊያ ሚዛን በ6 ወር ሊጀምር ይችላል። በሳምንት ሁለቴ የሚነካ የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ዓመት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይናገራል፦ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሳይስተካከል ሲለካ ከሚፈቀደው ስህተት ግማሽ በታች ከተገኘ ጊዜውን ማርዘም ይቻላል፤ አንዴ ከወሰኑ ከወጣ ጊዜውን በግማሽ ያሳጥሩት። መለኪያው ከወደቀ፣ ከተጠገነ ወይም ቦታ ከቀየረ ቀኑ ቢቀረውም እንደገና ይለካ።

ብዙዎች «ላቦራቶሪው የሚቀጥለውን ቀን አልጻፈልንም» ይላሉ። ላቦራቶሪዎች የሚመሩበት አይኤስኦ/አይኢሲ 17025፣ ከደንበኛው ጋር ካልተስማሙ በቀር የሚቀጥለውን ቀን ሰርተፊኬት ላይ እንዳይጽፉ ያዛል። ቀኑን የሚወስነው የመለኪያው ባለቤት ነው።

የት ነው የማስለካው? ጥሩ ላቦራቶሪ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በኢትዮጵያ የልኬት ሰንሰለቱ አናት ላይ ያለው ብሔራዊው የሥነ ልክ ተቋም ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የቀድሞው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን ለአራት ተቋማት ሲከፈል ራሱን ችሎ ወጣ። ከአራቱ አንዱ አክሪዲቴሽን፣ ማለትም ላቦራቶሪው ለሥራው ብቁ መሆኑን የሚመሰክር ዕውቅና፣ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። የግል ካሊብሬሽን ድርጅት ሲመርጡ ሁለት ነገር ይጠይቁ። የመጀመሪያው በአይኤስኦ/አይኢሲ 17025 አክሪዲት መደረጉ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙዎች የሚዘሉት፣ የፈቃዱ ወሰን ነው። ድርጅቱ እስከ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሚዛን አክሪዲት ተደርጎ የእርስዎን የ60 ቶን ምድር ሚዛን ከለካ፣ አርማው ቢኖርም ሥራው በአክሪዲቴሽኑ አልተሸፈነም።

ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ የእርስዎ ሚዛን በላቦራቶሪው ድንጋይ ይለካል፤ የላቦራቶሪው ድንጋይ ከእሱ በተሻለ ድንጋይ ይለካል፤ እንዲህ እያለ እስከ ኪሎግራም ፍቺ ይደርሳል። ኪሎግራም ራሱ እ.ኤ.አ. ከሜይ 20 ቀን 2019 ጀምሮ ፓሪስ አጠገብ በተቀመጠው ብረት መተርጎሙ ቀርቶ ፕላንክ በሚባለው የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥር ይተረጎማል። ለፋብሪካ ሚዛን ይህ ምንም አልቀየረም፤ ድንጋይዎም አልከበደም አልቀለለም።

ሰርተፊኬቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እንዴት ላንብባቸው?

ሰርተፊኬትን ፋይል ውስጥ ከትቶ ስቲከሩን ብቻ መለጠፍ ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ ሳይወስዱ እንደ መሄድ ነው። የሚፈለጉት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ ስህተት፣ እርማትና የጥርጣሬ መጠን። ምሳሌ እንይ። የላቦራቶሪው ማመሳከሪያ 121.1 ሲል የእርስዎ ቴርሞሜትር 122.0 አለ። ስህተቱ +0.9 ነው። እርማቱ ምልክቱ ተገልብጦ −0.9 ይሆናል፤ ማሳያው 122.0 ሲል እርማቱን ደምረው 121.1 ያገኛሉ። ስህተትና እርማት ምልክታቸው ተቃራኒ ስለሆነ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው 0.9 የነበረውን ስህተት 1.8 ያደርገዋል። አንዳንድ ላቦራቶሪ የሚያወጣው ስህተቱን ብቻ፣ ሌላው እርማቱን ብቻ ነውና የሠንጠረዡን ርዕስ ሳያዩ ቁጥር አይውሰዱ።

ሦስተኛው «± 0.3 ዲግሪ፣ ኬ = 2» ተብሎ የሚጻፈው ነው። እውነተኛው ሙቀት በ95 በመቶ ያህል እርግጠኝነት ከ120.8 እስከ 121.4 ባለው ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ይህ ላቦራቶሪው መሳሳቱን አያመለክትም፤ ማንኛውም ልኬት ያለው ወርድ ነው። የጥርጣሬ መጠን ያልተጻፈበት ሰርተፊኬት ግን ጎዶሎ ነውና ይመልሱት።

በሁለት ካሊብሬሽኖች መካከል ሚዛኑን ራሳችን እንዴት እንፈትሽ?

150 ኪሎ የሚመዝን፣ በ50 ግራም በ50 ግራም የሚያነብ የወለል ሚዛን እንውሰድ። በዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ ድርጅት ምክረ ሐሳብ ቁጥር 76 መሠረት ለሦስተኛ ደረጃ ሚዛን መጀመሪያ ሲረጋገጥ የሚፈቀደው ስህተት እስከ 25 ኪሎ 25 ግራም፣ እስከ 100 ኪሎ 50 ግራም፣ ከዚያ እስከ 150 ኪሎ 75 ግራም ነው፤ በሥራ ላይ ላለ ሚዛን እጥፍ ይሆናል። ለመፈተሻ ኤም1 የሚባለው የትክክለኛነት ደረጃ ያላቸው ሰባት የ20 ኪሎ ድንጋዮችና አንድ የ10 ኪሎ ይበቃሉ። የአንዱ የ20 ኪሎ ድንጋይ የሚፈቀድ ስህተት 1 ግራም ብቻ ስለሆነ ሰባቱ ተደምረው እንኳ ከ7 ግራም አያልፉም።

ሚዛኑን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አብርተው ያቆዩት። ከፕላትፎርሙ ሥር ያለውን ዱቄትና ፍርፋሪ ያጽዱ፤ የውሃ ልኩ አረፋ መሀል መሆኑን ይዩ። አንዴ ሙሉ ጭነት ጭነው ያውርዱና ዜሮ ያድርጉ። ቀጥሎ 50 ኪሎ ማለትም የአቅሙን አንድ ሦስተኛ በአራቱም ማዕዘን በየተራ ያስቀምጡ። ከዚያ መሀል ላይ 20፣ 60፣ 100፣ 140 እያሉ ይጨምሩ፤ በዚያው ቅደም ተከተል እየቀነሱ ይመለሱ። መጨረሻ ላይ 100 ኪሎውን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ይጫኑ። ሁሉም ንባብ ይጻፍ፤ «ደህና ነው» የሚል ምልክት ብቻ ማስፈር ከሦስት ወር በኋላ ምንም አይነግርም።

ንባቡ ሕመሙን ይናገራል። አንድ ማዕዘን ብቻ ከሳተ የዚያ ጥግ ሎድ ሴል (ጭነቱን የሚለካው ዳሳሽ) ወይም ጃንክሽን ቦክሱ (የዳሳሾቹ ገመዶች የሚገናኙበት ሳጥን) ተጠርጣሪ ነው፤ ወይም ፕላትፎርሙ ግድግዳ ነክቷል። ስህተቱ ከጭነቱ ጋር እኩል እያደገ ከሄደ ስፓኑ፣ ማለትም ከዜሮ እስከ ሙሉ ጭነት ያለው ምጣኔ፣ ተዛብቷል። በሁሉም ጭነት ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ካለ ዜሮው ነው። ሲጨመር ልክ ሆኖ ሲወርድ ዜሮ ላይ የማይመለስ ከሆነ አንድ ነገር እያነቀው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ የ20 ኪሎ ድንጋይ ብቻ መሀል ላይ ፈትሾ የሚያልፍ ፋብሪካ ከ20 ኪሎ በላይ ያለውን አያውቅም።

ስለ ድንጋዮቹ አንድ ነገር፦ ቀለም አይቅቡባቸው። ዝገት እንዳይዛቸው ተብሎ በደግ ልብ የሚደረግ ነው፤ ግን አንድ ዙር ቀለም በቀላሉ ከ1 ግራም በላይ ይከብዳል፤ ድንጋዩም ደረጃውን ያጣል። አይጣሉ፣ አይንከባለሉ፣ ለበር መደገፊያም አይሁኑ።

ከአውሮፓ ሰርተፊኬት ይዞ የመጣው አዲስ ሚዛን አዲስ አበባ ላይ ለምን አሳንሶ ያነባል?

ሰርተፊኬቱ ሐሰት ስለሆነ አይደለም። ኤሌክትሮኒክ ሚዛን የሚለካው ድንጋዩ ሎድ ሴሉን የሚጫንበትን ኃይል ነው፤ ኃይሉ ደግሞ በመሬት ስበት ይወሰናል። ስበት ጀርመን አካባቢ 9.81 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ የቀረበችና ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ 9.775 ገደማ ይደርሳል። እዚያ የተስተካከለ ሚዛን እዚህ ሲመጣ ከ1 ኪሎ ላይ 3.5 ግራም ያህል ያጎድላል፤ ከ50 ኪሎ ላይ ወደ 180 ግራም። ከላይ በተነሳው የዱቄት ፋብሪካ ይህ በቀን 720 ኪሎ በነፃ የሚሄድ ዱቄት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሚዛኑ በሚሠራበት ቦታ፣ በድንጋይ ይስተካከልና ይለካ። በአንዳንድ ማሳያ ሴቲንግ ውስጥ የስበት ቁጥር የሚገባበት ቦታ አለ፤ እሱ ግምቱን ያቀርባል እንጂ ድንጋዩን አይተካም። በአካባቢያችንም ያው ነው። አዲስ አበባ የተስተካከለ ሚዛን ተጭኖ እስከ ጅቡቲ ወደብ ከወረደ ከ1 ኪሎ ላይ 0.7 ግራም ያህል ያበዛል፤ በ60 ኪሎ የቡና ጆንያ ላይ 40 ግራም ያልፋል። ሁለቱም ቦታ በየራሱ ሚዛን፣ በየቦታው በድንጋይ ተለክቶ ቢመዘን ግን ልዩነት አይኖርም፤ ስበቱ ድንጋዩንም ቡናውንም እኩል ያቀላልና። በእጅ የሚሠራው ባለ ሁለት ሰሐን ሚዛን ለዚህ ችግር የማይጋለጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቴርሞሜትሩን የፈላ ውሃ ውስጥ ስንከተው 92 ይላል። ተበላሽቷል?

ምናልባት ደህና ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ግፊት ነው። ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ ሲጨምር የመፍያ ነጥቡ በ1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል፦ ድሬዳዋ ወደ 96፣ አዳማ ከ95 በታች፣ አዲስ አበባ እንደ ሰፈሩ ከ92 እስከ 93። እዚህ ከተማ በፈላ ውሃ ውስጥ 100 የሚል ቴርሞሜትር ነው የተበላሸው። ይህን ሳያውቁ ማሳያውን 100 እስኪል «ያስተካከሉ» ሰዎች ደህናውን ዕቃ በ8 ዲግሪ አዛብተውታል።

ለየዕለት ፍተሻ በረዶ ይሻላል፤ ዜሮ ነጥቡን ከፍታ የሚነካው በጣም በጥቂቱ ነው። ከተጣራ ውሃ የተሠራ በረዶ በደቃቁ ይሰብሩና ቴርሞስ ይሙሉ፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይጨምሩ። በረዶው ከላይ ተንሳፎ ከታች ውሃ ብቻ ከቀረ ውሃው በዝቷል፤ ከታች እስከ 4 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። 15 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ዳሳሹን ግድግዳና ወለል ሳይነካ በጥልቀት ያስገቡ፣ ንባቡ ሲረጋ ይጻፉ። ይህ ግን ዜሮ ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። በ121 ወይም በ180 ዲግሪ የሚሠራ መለኪያ በዚያው ሙቀት አካባቢ ላቦራቶሪ ውስጥ መለካት አለበት፤ ዳሳሹም ከነገመዱና ከነማሳያው አንድ ላይ።

አውቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው ዕቃ) መመሪያው ባለው 1 ባር ላይ ነው፤ ሙቀቱ ግን 121 አይደርስም። የትኛው መለኪያ ነው የሚዋሸው?

ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። ንጹሕ እንፋሎት 121 ዲግሪ የሚደርሰው ጠቅላላ ግፊቱ 205 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን ነው (100 ኪሎፓስካል 1 ባር ነው)። ጌጁ የሚያሳየው ደግሞ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የውጭው አየር 101 ኪሎፓስካል ስለሆነ ጌጁ 1.03 ባር ሲል ይበቃል። አዲስ አበባ የውጭው አየር ከ76 እስከ 78 ኪሎፓስካል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጌጁ 1.28 ባር ገደማ ማለት አለበት። በ1.03 ባር ላይ ካቆሙት ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ነው። ለተለመደው የጀርም መግደያ ስሌት፣ የ10 ዲግሪ ልዩነት ፍጥነቱን በ10 እጥፍ ስለሚቀይር፣ የ4 ዲግሪ ጉድለት ፍጥነቱን ወደ 40 በመቶ ያወርደዋል። ግፊቱን ከመጨመርዎ በፊት ግን የዕቃው ሠሌዳ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ግፊትና የደኅንነት ቫልቩን ይመልከቱ።

ግፊቱ 1.28 ደርሶም ሙቀቱ ካልደረሰ ውስጥ አየር ቀርቷል። አየር ግፊት ይጨምራል፣ ሙቀት አይጨምርም፤ የአየር መውጫው በደንብ ሳይነፍስ ተዘግቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሂደቱን በሙቀት ይቆጣጠሩ፤ ጌጁ ለማመሳከሪያ ይሁን።

ጌጅ ሲገዙም ክልሉን ይዩ። ደረጃው 1.6 የሆነ ጌጅ የሚፈቀድለት ስህተት ከሙሉ ክልሉ 1.6 በመቶ ነው። እስከ 10 ባር የሚያሳይ ከሆነ 0.16 ባር ሊስት ይችላል፤ በ1.28 ላይ ይህ ከ12 በመቶ በላይ ነው። እስከ 2.5 ባር የሚያሳየው ግን የሚስተው 0.04 ብቻ ነው። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም።

ካሊብሬሽን ላይ መለኪያው ከወሰን ወጥቶ ተገኘ። አስተካክለን እንቀጥል?

ማስተካከሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ፣ ባለፈው ልክ ሆኖ ከተገኘበት ቀን ጀምሮ የወጣው ምርት ሁሉ አሁን ጥያቄ ውስጥ መግባቱ ነው። መጀመሪያ የተገኘውን ስህተት ሳይነኩ ይመዝግቡ። መጋዘን ያለውን ያግዱ። ከዚያ ስህተቱን ከሂደቱ ወሰን ጋር ያስተያዩ፦ ቴርሞሜትሩ በ1 ዲግሪ አብዝቶ ያነብ ከነበረና ሁሌም በ123 ይሠሩ ከነበረ፣ እውነተኛው 122 ነውና ምርቱ ተርፏል፤ ይህንኑ ጽፈው ይዘጋሉ። በ121 ይሠሩ ከነበረ ግን 120 ነው፤ ምርቱን እስከ ደንበኛው መከታተል ግድ ይላል።

የየሽፍቱ ፍተሻ ዋጋው እዚህ ይታያል። መዝገብ ካለ የሚጠረጠረው የአንድ ሽፍት ምርት ነው፤ ከሌለ የዓመቱ።

ንባቡ ልክ ወሰኑ ላይ ነው፤ የጥርጣሬው መጠን ግን ወሰኑን ይሻገራል። አልፏል ወይስ ወድቋል?

ከላይ ወዳለው ቴርሞሜትር እንመለስ፦ ስህተቱ +0.9፣ ጥርጣሬው ± 0.3፣ ሂደቱ የሚፈልገው ቢያንስ 121.0። ማሳያው 121.9 ሲል የታረመው ሙቀት ልክ 121.0 ነው፤ እውነተኛው ግን ከ120.7 እስከ 121.3 በየትኛውም ሊሆን ይችላል። በዚህ ቦታ ላይ ከወሰኑ በታች የመሆን ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የምግብ ወይም የመድኃኒት ደኅንነት ከሆነ ጥርጣሬውን በራስዎ ላይ ይጫኑት፦ 121.0፣ ሲደመር 0.9፣ ሲደመር 0.3፤ ኦፕሬተሩ የሚጠብቀው ዝቅተኛ ንባብ 122.2 ይሆናል። ይህን ቁጥር ከማሳያው አጠገብ በትልቁ ይለጥፉት፤ ኦፕሬተር በሽፍት መሀል እንዲደምርና እንዲቀንስ መጠበቅ አይገባም።

ላቦራቶሪው «አልፏል» ብሎ እንዲጽፍልዎ ከፈለጉም በምን ደንብ እንደሚወስን አስቀድመው ይስማሙ። የ17025 የ2017 ዕትም ይህን የውሳኔ ደንብ በግልጽ ይጠይቃል። አንዱ ላቦራቶሪ ጥርጣሬውን ወደ ጎን ትቶ፣ ሌላው ከወሰኑ ቀንሶ ሲወስን ያው ቴርሞሜትር በአንዱ አልፎ በሌላው ሊወድቅ ይችላል፤ ሁለቱም ሰርተፊኬቶች ትክክል ሆነው ሳለ።